የሀዋሳ ሐይቅ ለግማሽ ቀን ጥልቅ ባህር የሆነበት ስብሰባ

የጥልቅ ባህር ፍጥረታትን ከኬሚካል ብክለት ለመታደግ የተቋቋመው ጊዜያዊ ኮሚቴ (ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ) 14ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ ሚያዝያ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

ቦታ፦ ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 7። (ሰፊው አዳራሽ ስብሰባ ስለመቀነስ ለሚመክረው የሦስት ቀን ስብሰባ ተይዟል።)

ሰዓት፦ ጥሪው ለጠዋቱ 3፡00፣ የተጀመረው 4፡10።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ዋሲሁን፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ተፈራ፣ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ፣ ፎርም ያዥ
3. አቶ ሽበሺ፣ በሐይቁ ዳር ያለው የ«ሰባት ቀለም» ክር ማቅለሚያ ሥራ አስኪያጅ፣ የልማት አጋሮች ተወካይ
4. አቶ ሙክታር፣ የዓሣ ቤት ባለቤት፣ የነጋዴው ተወካይ
5. አቶ ማቴዎስ፣ የዓሣ አስጋሪዎች ተወካይ
6. ወ/ሪት ወንጌላዊት፣ ጸሐፊ (የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ለአንድ ስብሰባ ብቻ የተመደበች፤ ይህ አሥራ አራተኛው ነው)

ያልተገኙ፦ የዓሣ ተመራማሪዋ ወ/ሪት ሃሴት። ኮሚቴው የባለሙያ አስተያየት ከመስማቱ በፊት የራሱን አቋም መያዝ ስላለበት ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲጠሩ ተደርጓል። ባለፉት አሥራ ሦስት ስብሰባዎችም እንዲሁ ተደርጓል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ሰባት ሰው ያስፈልጋል። ስድስት ሆነን አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ፣ የቢሮው ሻይ አቅራቢ ወ/ሮ ታቢታ ትሪ ይዘው ሲገቡ ሰብሳቢው ሰባተኛ አድርገው ቆጥረዋቸዋል። አቶ ተፈራ ወ/ሮ ታቢታ ድምፅ መስጠት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀው፣ መቆጠር እንጂ መምረጥ እንደማይችሉ ተብራርቶላቸዋል። ወ/ሮ ታቢታ «ሻዩ ይቀዘቅዛል» ከማለት በቀር ተቃውሞ አላሰሙም። ሰብሳቢው ጾመኛ በመሆናቸው እስከ ቀትር ምንም እንደማይቀምሱ አስታውቀው ሻዩን መልሰዋል። ይህ እዚህ ላይ የተመዘገበው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

አጀንዳ 1፦ ከበላይ አካል የመጣውን ፎርም መሙላት

አቶ ተፈራ ፎርሙን ለቤቱ አንብበዋል። ፎርሙ «በጥልቅ ባህር ፍጥረታት ላይ የደረሰ የኬሚካል ጉዳት በከተማ ደረጃ» የሚል ሲሆን እስከ አርብ ተሞልቶ መላክ አለበት። አቶ ሙክታር ሀገራችን ባህር የላትም ሲሉ አሳስበዋል። አቶ ተፈራ ባህር ባይኖረንም ፎርሙ እንዳለን፣ ባዶውን ብንመልሰው አፈጻጸማችን ዜሮ ተብሎ በግምገማ እንደምንጠየቅ፣ አምና ስለ በረዶ ክምር የመጣውን ፎርም ባዶ የላከ አንድ ወረዳ እስካሁን ግለሂስ እያደረገ መሆኑን አስረድተዋል። ቤቱ በዚህ ተደናግጧል።

ፎርሙ «ሐይቅ» የሚል ሣጥን የለውም። ስለዚህ ሐይቃችን ጥልቅ ባህር ይባል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ተደግፏል። ችግሩ ፎርሙ ጥልቅ የሚለው ከሁለት መቶ ሜትር ጀምሮ መሆኑ ነው። አቶ ማቴዎስ መረባቸውን ለሃያ ዓመት የጣሉ ሰው እንደመሆናቸው፣ ሃያ ምናምን ሜትር ገመድ ከለቀቁ ድንጋዩ ጭቃ እንደሚነካ ተናግረዋል። አቶ ተፈራ አስጋሪው ጥልቀቱን የለኩት ከጀልባ ስለሆነ ዝቅ ብሎ መገኘቱ እንደማይገርም፣ ከታቦር ተራራ ጫፍ ቢለካ ግን ልዩነት እንደሚኖረው ገልጸዋል። አቶ ሙክታር ታቦር ሁለት መቶ ሜትር እንዳይጎድለው ከፍ ያለው የአላሙራ ተራራ ይሻላል ብለዋል። ሐሳቡ በአድናቆት ተቀባይነት አግኝቷል።

ፎርሙ «በጨለማ የሚያበሩ ዓሦች ብዛት» የሚል ጥያቄም አለው። አቶ ሙክታር መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት በአሁኑ ሰዓት አንድ እንኳ ቢያበራልን ጥሩ ነበር ብለው ሳቅ ሆኗል። «በጥናት ላይ» ተብሎ ተሞልቷል።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የሀዋሳ ሐይቅ ከዛሬ ጀምሮ ጥልቅ ባህር እንዲሆን፣ ጥልቀቱም ከአላሙራ ጫፍ እንዲለካ በአምስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ድምፃቸውን ያቀቡት አቶ ማቴዎስ ሲሆኑ ምክንያታቸው አላሙራ ላይ መረብ ጥለው ስለማያውቁ ነው።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ማቴዎስ ጠርሙስ

አቶ ማቴዎስ አንድ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተነሥተዋል። ጠርሙሱን ከድንጋይ ጋር አስረው፣ ከ«ሰባት ቀለም» ቱቦ ፊት ለፊት ካለው ጥልቅ ቦታ፣ ከታች ከጭቃው አጠገብ የሞሉት ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው። ቱቦው ከተዘረጋ ወዲህ ከታች የሚኖረው አምባዛ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ እየተንሳፈፈ ነው። አምባዛ ከውሃ ወጥቶ እንኳ ግማሽ ቀን የማይሞት ዓሣ መሆኑን፣ እሱ በገዛ ቤቱ ከሞተ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አስረድተዋል። አባ ኮዳ የተባለው ወፍ፣ ያ አሮጌ ጫማ እንኳ የማይመልሰው፣ የሞተውን ዓሣ ቀርቦ አሽትቶ ጥሎት መሄዱን ሦስት ቀን ሙሉ አይተዋል።

የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤተ ሙከራ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ካልያዘ ሰው ውሃ አይቀበልም፤ እስከ ምሽት ተረኛ ቢኖረውም፣ ውሃው ካደረ አይቀበልም። ስለዚህ ደብዳቤው ዛሬ ተጽፎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ በሚነሣው መኪና መሄድ አለበት። የተናገሩት ቃል በቃል እንዲያዝላቸው በጠየቁት መሠረት እንደሚከተለው ተይዟል፦

«እኔ ፋብሪካ ይዘጋ አላልኩም። እኔ ማንንም አልከሰስኩም። አራት ልጆች አሉኝ፣ እራታቸው አምባዛ ነው። ላብላቸው ወይስ አላብላቸው? ይቺን ብቻ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ሦስተኛ ጊዜ መጣሁ።»

ጸሐፊዋ ማክሰኞ በአቶ ሙክታር ቤት ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ አንድ ሙሉ ጠብሰው እንዳቀረቡላትና አጥንቱ ብቻ እንደቀረ ብታስታውስም፣ የጸሐፊ ስሜት በቃለ ጉባኤ ስለማይያዝ አልተያዘም።

አቶ ሽበሺ መልስ ሰጥተዋል። ድርጅታቸው ለብዙ ወጣቶች ሥራ የፈጠረ መሆኑን፣ ከቱቦው የሚወጣው ትንሽ ቀለም የነካው ውሃ መሆኑን፣ ቀለም ደግሞ ከታየ ውበት መሆኑን ገልጸዋል። ዓሦቹ በዕድሜ ሞተው ይሆናል ብለዋል። አባ ኮዳን በተመለከተ፣ ወፉ ጠግቦ ሊሆን እንደሚችል፣ ወይም የልማቱ ጠላቶች የግንዛቤ ክፍተቱን ተጠቅመውበት እንደሆነ መጣራት እንዳለበት ጠቁመዋል። በመጨረሻም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ወደ አቶ ማቴዎስ እያዩ ተርተዋል። አቶ ማቴዎስ «ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው» ብለው መልሰዋል። ሰብሳቢው ሁለተኛው ተረት ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዝዘዋል። ይወጣል።

አቶ ሙክታር ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ስጋት አላቸው። እርሳቸው ሙስሊም ቢሆኑም ክርስቲያን ደንበኞቻቸው በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩ ኖረው፣ ክርክሩን ሁልጊዜ የሚጨርሱት እርሳቸው ቤት ዓሣ እየበሉ ነው። ፋሲካ አሥር ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ ሐይቁ መመረዙ የማይቀር ከሆነ ከፋሲካ በኋላ፣ ሕዝቡ ወደ ሥጋ ሲዞር ቢመረዝ ማንም እንደማይጎዳ ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ማቴዎስ ዓሣዎቹ ቀን መቁጠሪያ የላቸውም ብለዋል።

በዚህ መካከል አቶ ተፈራ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይተዋል። ወረቀቱ «መርዝ ነው፣ አትንኩ» ይላል፣ በአቶ ማቴዎስ ልጅ እጅ የተጻፈ ነው። አቶ ተፈራ ውሃው መርዝ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ኮሚቴው ሆኖ ሳለ፣ ጠርሙሱ ከኮሚቴው ቀድሞ መወሰኑ ከአሠራር ውጭ ነው ሲሉ ተቃውመዋል። አቶ ሽበሺ ጽሑፉ ስም ማጥፋት ነው ብለዋል። ወረቀቱ በሰብሳቢው እጅ ተልጦ ወደ ቅርጫት ተጥሏል። ቀለሙ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ከታች የተቀዳው ውሃ ኩልል ያለ ነበር።

ውሳኔ 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ሐይቁ፣ ማለትም ጥልቅ ባህሩ፣ ንጹሕ መሆኑ በአምስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ከድጋፉ አንዱ የጸሐፊዋ ነው፤ ቀና ብላ ሳታይ እጇን አውጥታለች፣ አሁን ታፍርበታለች። ደብዳቤ አያስፈልግም ተብሏል። አቶ ማቴዎስ «እሺ» ብለው ተቀምጠዋል። እሺታው የስምምነት አይመስልም ነበር።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ስለ ሐይቁ ንጽሕና ለሃያ አምስት ደቂቃ ማጠቃለያ ንግግር አድርገዋል። እዚያው ሐይቅ ዳር ተወልደው በእፍኛቸው እየጠጡ እንዳደጉ፣ ዛሬም ቢሆን እንደማይጸየፉት ተናግረዋል። ንግግሩ እንደቀጠለ ወ/ሮ ታቢታ የሻዩን ብርጭቆ አንሥተው፣ ጠረጴዛውን ወልውለው፣ የታሸገ ውሃ በየአባላቱ ፊት ደርድረዋል። አንድ ጠርሙስ ብቻውን መሃል ላይ ቆሞ ስላገኙት፣ ጽሑፍም ስላልነበረበት፣ እሱንም ከረድፉ ጋር አስተካክለው ሰብሳቢው ፊት አድርገውታል።

6፡40 ላይ ሰብሳቢው ቀትር ማለፉን በሰዓታቸው አረጋግጠው፣ ጉሮሯቸው ስለደረቀ ጠርሙሱን አንሥተው እስከ አጋማሹ ጠጥተዋል።

አቶ ማቴዎስ ተነሥተው «ጋሼ፣ እሱ የኔ ነው» ብለዋል። ሰብሳቢው ውሃ ለሰው አይሰሰትም ብለው ገሥጸዋቸዋል። አቶ ማቴዎስ እንዳልሰሰቱ፣ ያ ከቱቦው ፊት የቀዱት መሆኑን ቀስ ብለው አስረድተዋል።



ቀድመው የተናገሩት አቶ ተፈራ ናቸው። በውሳኔ ቁጥር 2 መሠረት ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ሰብሳቢው ምንም እንዳልጠጡ፣ እንዲያውም ውሳኔውን በተግባር ያሳዩ አርአያ መሆናቸውን ገልጸው ጭብጨባ ጠይቀዋል። ያጨበጨበ የለም። ሰብሳቢው ወደ አቶ ሽበሺ ዞረው በውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቀዋል። ከአንድ ሰዓት በፊት «ትንሽ ቀለም የነካው ውሃ» ያሉት አቶ ሽበሺ «ስንት ጉንጭ ጠጡ?» ብለው ጠይቀዋል።

ይህ ጥያቄ በስብሰባው ላይ ከፍተኛ ለውጥ አምጥቷል።

ሰብሳቢው ሦስት ወንበር ተገጥሞላቸው ተጋድመዋል። አቶ ሽበሺ ወተት ይጠጡበት ብለዋል። ጾም መሆኑ ሲነሣ ሰብሳቢው ጾሙን የሚያስፈታ ሕመም እንዳለና ይህም አንዱ መሆኑን ወስነዋል፤ ይህ ውሳኔ በድምፅ አልተሰጠበትም። ወ/ሮ ታቢታ ወተት ፍለጋ ሮጠዋል። ሰብሳቢው በተጋደሙበት ሆነው ውሳኔ 2 እንደገና እንዲታይ፣ ማንም ሰው በሥነ ሥርዓት ስም እንዳያዘገየው አሳስበዋል።

ውሳኔ 3፦ ያለ ምንም ውይይት፣ ሐይቁ በከፍተኛ ደረጃ የተበከለ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አቶ ሽበሺም እጃቸውን አውጥተዋል። ለቤተ ሙከራው ደብዳቤ ወዲያው እንዲጻፍ ተወስኗል።

ደብዳቤውን ሰብሳቢው ጣራ ጣራ እያዩ አስጽፈዋል። «በዚህ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ውሃ ምን እንዳለበት፣ የጠጣ ሰው ቢኖር ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚደረግለት፣ በአስቸኳይ፣ በእግዚአብሔር ስም» የሚል ነው። አቶ ተፈራ «በእግዚአብሔር ስም» የመንግሥት ደብዳቤ ወግ አይደለም ቢሉም ሰብሳቢው ይቆይ ብለዋል። ሌላ ጊዜ ማኅተም ማስመታት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ዛሬ አራት ደቂቃ ፈጅቷል። በወጪ መዝገብ ተመዝግቦ፣ አቶ ማቴዎስ ግማሽ ጠርሙሱንና ደብዳቤውን ይዘው 7፡25 ላይ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደዋል። ሰብሳቢው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ባጃጁን «ፍጠን!» ብለውታል። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይህም ቢሆን አይያዝም።

አጀንዳ 4፦ የምሳ ሰዓትና ያስከተለው

ወተቱ ከተጠጣ በኋላ የሰብሳቢው ሆድ ተንጫጭቷል። አባላት ተደናግጠው ሲነሡ፣ ወ/ሮ ታቢታ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳምጠው፣ አምስት ልጅ ያሳደጉ ሰው እንደመሆናቸው ይህ የረሃብ እንጂ የመርዝ ድምፅ እንዳልሆነ ተናግረዋል። ምሳ ታዟል። አቶ ሙክታር ለመላው ኮሚቴ ከቤታቸው የዓሣ ጥብስ አስመጣለሁ ብለው የጋበዙ ሲሆን ግብዣው በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆኗል። አቶ ሙክታር ራሳቸውም ሽሮ አዝዘዋል።

8፡20 ላይ ሰብሳቢው ጠግበዋል፤ ላባቸው ደርቋል፤ ተነሥተው ተቀምጠዋል። ከተቀመጡ በኋላ ውሳኔ 3 ትንሽ የተቻኮለ እንዳይሆን ሲሉ ጠይቀዋል። አቶ ሽበሺ በጣም የተቻኮለ ነው ብለዋል። አቶ ተፈራ ደግሞ ሐይቁን በአንድ ቀን ውስጥ ባህር፣ ንጹሕና ብክል ማድረጋችን በግምገማ ቢነሣ አያድርስ ነው ብለዋል። ሁሉንም በአንዴ የሚያወርድ ሕጋዊ መላ ተፈልጎ ተገኝቷል። መላው ወ/ሮ ታቢታ ናቸው። ወ/ሮ ታቢታ አባል ስላልሆኑ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልነበረ ስብሰባ አልነበረም። ወ/ሮ ታቢታ ታዲያ የታጠበው ብርጭቆ የማን ነው ሲሉ ጠይቀው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ተብሏል።

የቀረው ደብዳቤው ነበር። ሰብሳቢው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው አቶ ማቴዎስ ጋ ደውለዋል። አቶ ማቴዎስ ሻሸመኔን አልፈዋል፤ ጠርሙሱን ለመኪናው ረዳት እንዳልሰጡት፣ ጭናቸው ላይ አቅፈውት እንደተቀመጡ ነግረዋል። ሰብሳቢው ስብሰባው ስላልተካሄደ ደብዳቤው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፣ ወርደው ይመለሱ ብለዋቸዋል። መልሱን አባላት በሙሉ ሰምተዋል፦

«ጋሼ፣ ስብሰባው ካልተካሄደ፣ አሁን የሚደውልልኝ ማነው?»



የመጨረሻ ውሳኔ፦ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ተወስኗል። ሐይቁ ወደ ሐይቅነቱ ይመለስ፤ ጥልቀቱ ከጀልባ ይለካ፤ ንጹሕም ብክልም አይባል፤ ማንም ምንም አልጠጣም፤ ፎርሙ በ«ጥልቅ ባህር» ሥር «በመቆፈር ላይ» ተብሎ ይላክ። ይህ ቃለ ጉባኤም እንዳልተያዘ ሆኖ በሦስት ቅጂ ተይዞ በፋይል ይቀመጥ።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 9፡10 ላይ ተበትኗል። አባላት ፈርመዋል፤ አቶ ማቴዎስ መንገድ ላይ በመሆናቸው አልፈረሙም።

ጸሐፊዋ ወረቀቷን ስትሰበስብ ሰብሳቢው ስልካቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማቴ፣ ወንድሜ፣ አትመለስ። ጠርሙሱን ደግሞ አደራ እንዳይደፋብህ። ውጤቱን ስትሰማ ለልጆችህ ከነገርክ በኋላ ቀጥለህ ለኔ ደውልልኝ» ሲሉ ሰምታለች። ይህ ከስብሰባው በኋላ የተነገረ ስለሆነ በቃለ ጉባኤ መያዝ የለበትም። ስብሰባው ግን አልተካሄደም ስለተባለ፣ ከእሱ በኋላ የሚባል ነገር የለም፤ በዚህ ምክንያት ተይዟል።

ወንጌላዊት፣ ጸሐፊ